የአስራ ሰባተኛው ጥያቄ አማርኛ

ግንቦት 2 ቀን 2008፣ ቡሪ፣ ካርቱም

ዛሬ ሥራ ያዝኩ። ጥርሴ ካለቀ በኋላ። የአንድዬው ልጃችን የብርሃኔ ልጅ ቤርሳቤህ ከመሥሪያ ቤቷ የወረቀት ጥራዝ ይዛ መጣችና ጭኔ ላይ ጣል አደረገችው። ይሄን ወደ አማርኛ ታገለብጥልኛለህ አለች። ካርቱም ተወልዶ ያደገ ልጅ አማርኛው እንዲህ ነው፤ ጽሑፍ አይተረጎምም፣ ይገለበጣል። እንደ ቂጣ ነው ወይ አልኳት። አልገባትም። አባቷ ፖርት ሱዳን የጭነት መኪና ሲነዳ ያሳደግናት እኛ ነን፤ ስለዚህ ጥፋቱ የኔም ነው።

ነገሩ ጥናት ነው። በአስራ አንድ አገር ያሉ ሴቶች ስለ ጤናቸው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃሉ፤ ስለ ወሊድ፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ጡት፣ ስለ ልብ፣ ስለ እንቅልፍ። መልሱ አንድ ላይ ሲሰበሰብ የየትኛው አገር ሴት በምን እንደምትሰቃይ ይታያል። የካርቱሙን የምትመራው ዶክተር ሉጥፊያ የምትባል የሴቶች ሐኪም ናት። በሰው ቤት የሚሠሩ የሐበሻ ሴቶችም ይጠየቁ ብላ ነው ቤርሳቤህን የቀጠረቻት። አማርኛ የሚጽፍ ሰው አለሽ ወይ ስትላት፣ ልጅቱ «ጂዶዬ ቱርጁማን ነበር» ብላ አስያዘችኝ። ጂዶ የዚህ አገር ልጅ አያቱን የሚጠራበት ነው፣ ቱርጁማንም አስተርጓሚ ማለት። ዕድሜ ልኬን የተረጎምኩት የስደተኛ ወረቀትና የፖሊስ ቃል ነው። ስለ ጡት አንድም ቀን የጠየቀኝ የለም።

ባለቤቴ ጸሐይወርቅ ሰማችና ሴት ጠፍቶ ነው ለዚህ ሽማግሌ የሚሰጡት አለች፣ በሩን ተደግፋ። ተቀምጠሽ ስደቢኝ አልኳት። አልተቀመጠችም። ሰሞኑን ሴትዮዋ ከመቀመጫ ጋር ተጣልታለች።

ግንቦት 7

ሙቀት። መብራት የለም። ስድስት ጥያቄ ብቻ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጥቦ የወር አበባን ጥያቄ አጠፋው፤ እንደገና ጻፍኩ።

ግንቦት 11

አስራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ግማሽ ቀን ዋልኩ። ዐረብኛው ቃል በቃል ቢገለበጥ ማህፀንሽ ወድቆ ያውቃል ወይ ነው የሚለው። ምን ለማለት ነው አልኳት ቤርሳቤህን። ከከባድ ምጥ በኋላ የሚይዘው ሥጋ ይላላና ማህፀን ወደ ታች ይመጣል፣ ያኒ ከቦታው ይወጣል አለችና ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። የኔም ጆሮ ሞቀ። ወድቆ ብል ከመደርደሪያ የወደቀ ብርጭቆ ይመስላል። ስለዚህ «ማህፀንሽ ወርዶብሽ ያውቃል ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። ጨዋ፣ አጭር፣ ማንንም የማያሳፍር።

ለጸሐይወርቅ አነበብኩላት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋን አቆመችና «ሴት እንዲህ አትልም» አለች። ሴት ታዲያ ምን ትላለች ብላት «ሴትማ ዝም ትላለች» ብላ ድስቷ ላይ አጎነበሰች።

አሁን ይሄ መልስ ነው? ዝምታን ወደ አማርኛ አልገለብጥ።

ግንቦት 16

ኦምዱርማን ገበያ ሄድን፣ እኔና እሷ። ሐፍላው ውስጥ፣ ያቺ ከሰው ብዛት የምታቃስት ትንሿ አውቶቡስ ውስጥ፣ አንድ ጎረምሳ ተነስቶ ሐጃ ተቀመጪ አላት። አልቀመጥም ብላ ድልድዩን እስክንሻገር ብረቱን ይዛ ቆመች። የጎረምሳውን ቦታ እኔ ወሰድኩት፤ ማን ያባክናል። ለወጣት ቁመትሽን እያሳየሽ ነው ወይ አልኳት ጮክ ብዬ። ከኋላ የተቀመጡ የሐበሻ ልጆች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «ወገቤን ነው» አለች።

ይሄ ወገብ! ስንት ዘመን አወቅኩት። ውሃ ስትሸከም ወገቤን። ቅዳሴ ስትቆም ወገቤን። ዐንገረቧን፣ ያቺን የገመድ አልጋ፣ ከኔ ለይታ ወደ ጓዳው ያስገባች ቀንም ወገቤን። ያን ጊዜ ማንኮራፋቴ አስመርሯት ነው ብዬ ሳቅሁ፤ አሁንም እንደዚያው ነው የማምነው። መቆምም መቀመጥም የማይስማማው ወገብ የት አለ? የሷ ወገብ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ጠይቄያት አላውቅም።

ስንመለስ ደክሟት ነበር። ዘንቢሉን ልያዝልሽ ሳልላት በር ደረስን።

ሰኔ 1

ረመዳን ገብቷል። ቤርሳቤህ ሴቶቹን መጠየቅ ጀመረች። በአል-ጣኢፍ ሰፈር ሀብታም ቤት የሚሠሩት ከቀትር በኋላ ለፍጡር፣ ለማታው የጾም መፍቻ፣ ሲያበስሉ ስለሚውሉ ጠዋት ጠዋት ነው የምታገኛቸው። ሌላውን ጥያቄ በደንብ ይመልሳሉ፤ አንዳንዶቹ ያልተጠየቁትንም ይጨምራሉ፣ አማታቸውን ሳይቀር። አስራ ሰባተኛው ላይ ግን ሁሉም የለም ይላሉ። ቶሎ ነው የሚሉት፣ መሬት መሬት እያዩ። በዐረብኛና በትግርኛ ከተጠየቁት አዎ ያሉ አሉ።

የኛ ሴቶች ጠንካራ ናቸዋ አልኳት። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ሰኔ 3፣ ዓርብ

ምንዳዬ መጣች። አል-ጣኢፍ ነጋዴ ቤት የምትሠራ፣ በየዕረፍቷ ቀን እኛ ጋ መጥታ ፀጉሯን የምትታጠብ ልጅ ናት። ዛሬ ሻሿን አልፈታችም። ጸሐይወርቅ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቃ ወደኔ ተጠጋች።

«ጋሼ፣ ቤርሲን ከዚያ ሥራ አውጧት።»

ምነው አልኳት።

«ያስወረደ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ወርዶብሽ ያውቃል ወይ አለችኝ እኮ። እኔ አላስወረድኩም። ያስወረደችም አላውቅም።»

ልስቅ ነበር፤ ተውኩት። በዚህ አገር ማስወረድ እስር ቤት ነው፤ ኢቃማ ለሌላት፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀት ለሌላት፣ ከእስር ቤቱ ቀጥሎ ድንበር ነው። ምንዳዬ፣ ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። አላመነችኝም። ስታምነኝ ደግሞ የባሰ ሆነ። ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ሰኔ 7

ወሬው አል-ጣኢፍን አዳረሰ። የመንደሩ ሐበሾች ሁሉ ከጥናቱ በኋላ ከሻ ይመጣል፣ ፖሊስ ቤት ለቤት ያፍሳል ይላሉ አሉ። ቤርሳቤህ በር ይዘጋባታል። አብራት የተማረች አንዲት ልጅ እንኳ መንገድ ተሻገረችባት።

ዶክተር ሉጥፊያ ጠርታታለች። አልተቆጣችም አለች ቤርሳቤህ፤ ባትቆጣ ነው የከፋት። ከዒድ በኋላም ሴቶቹ ካልመጡ አማርኛው ይሰረዛል። የልጅቱ ሥራም አብሮ። የሐበሻ ሴቶች ጉዳይ አይታወቅም ተብሎ ይታለፋል።

እራት አልበላችም። እኔ በልቻለሁ።

ሰኔ 8

አማርኛው ስህተት የለበትም። ማህፀን ወረደ ይባላል። የትም ይጠየቅ።

ሰኔ 9

ትክክል ነው። ግን ማን መለሰለት።

ሰኔ 12

ዛሬ ኩራቴን ዋጥኩና ጸሐይወርቅን ጠየቅኋት። ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። አንድ ልማድ አላት፤ አንዳንድ ጨርቆቿን ሌላ ልብስ ከላይ ደርባ ነው የምታሰጣቸው፤ ፀሐይ እንዴት ያገኛቸዋል እላታለሁ ሁልጊዜ። አሁንም አልኳት። ሥራህን ሥራ አለችኝ። ሥራዬማ ተበላሸ፣ ልጅቱም ልትባረር ነው፣ ያንን ጥያቄ ሴት በሚገባት አማርኛ ንገሪኝ አልኳት።

የያዘችውን ልብስ ጨምቃ አሰጣች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ለተሰጣው ልብስ የምትናገር ይመስል፣

«ማህፀን አትበል» አለች። «ማህፀን የቄስና የሐኪም ነው። ወረደ ደግሞ ጭራሽ አትበል። ታች ቁልቁል ይስብሻል ወይ በላት። ስትቀመጪ የምትቀመጪበት ነገር አለ ወይ፣ እንደ እንቁላል ያለ። ከባድ ስታነሺ ይብሳል ወይ። በእጅሽ መልሰሽው ታውቂያለሽ ወይ።»

በየት በኩል ወረቀት ላምጣ። በእጄ መዳፍ ላይ ጻፍኩት። እንዲህ ያለ አማርኛ ከየት አመጣሽው፣ ሐኪም ብትሆኚ ስንቱን ትጥዪ ነበር አልኳት። ባዶውን ባልዲ አንስታ ገባች።

ደህና ተርጓሚ ይወጣት ነበር፣ እኔን ባታገባ።

ሰኔ 16

ቤርሳቤህ አዲሶቹን ጥያቄዎች ለምላሷ ለማስለመድ ስትደክም ሰነበተች። «እንቁላል» ማለት አቅቷት «እንኩላል» ትላለች፤ አሾፍኩባት፤ ልታለቅስ ደረሰች። ጸሐይወርቅ ነይ እኔን እየጠየቅሽ ተለማመጂ ብላ ወደ ጓዳ ወሰደቻት። እኔ ውጭ ከግድግዳው ሥር ጥላ ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ጆሮዬ ለማይመለከተው ነገር አሁንም ደህና ነው።

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ስንት ልጅ ወልደሻል ስትላት አንድ ወለድኩ፣ ሁለተኛው ውጭ ተቀምጦ ያዳምጣል አለች። እኔን ማለቷ ነው። እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ ስትላት ከሽማግሌው ክፍል ማንኮራፋቱ ካልመጣ አለች። ከዚያ ልጅቱ አስራ ሰባተኛውን ጠየቀች፣ አስተካክላ፣ እንቁላሉን ሳትሳሳት። ሌላውንም ጠየቀች። «አዎ» የሚል ሰማሁ። ሌላውንም። «አዎ።»

ጸሐይወርቅ ስትጫወት እስከ መጨረሻው ነው የምትጫወተው።

ቤርሳቤህ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ምነው አልኳት። አቧራ ነው ጂዶ አለች። ዛሬ ነፋስ አልነበረም።

ሐምሌ 3

ዒድ አለፈ። ሴቶቹ ተመለሱ። መጀመሪያ የመጣችው ምንዳዬ ናት፤ ቤርሳቤህ ራሷ ሄዳ አዲሱን ጥያቄ ካነበበችላት በኋላ። ሌሎቹንም እሷው ይዛ መጣች። አሁን አዎ የሚሉ ብዙ ናቸው አለች ቤርሳቤህ። አንዲት ወጣት፣ ከአንድ ልጅ በስተቀር ያልወለደች፣ ስም ያለው በሽታ ነው እንዴ ብላ ጠየቀቻት። አለው ስትላት አለቀሰች። ስም ስላለው የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዶክተር ሉጥፊያ ጥያቄውን ማን እንዳስተካከለው ጠይቃ፣ በሌሎቹ አገሮች ቋንቋም እንዲህ ያለ ስህተት እንዳይኖር እንዲያዩ ልትጽፍላቸው ነው። ቤርሳቤህ ሐቦባዬ ናት ብላታለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። የኔን ስም እንኳ አላነሳችም። ጸሐይወርቅን በአስራ አንድ አገር ዝነኛ ሆንሽ አልኳት። ወደ ጓዳ ገባች። ሰሞኑን ቶሎ ቶሎ ነው የምትገባው።

ሐምሌ 14

ልጅቱ ደግ ሆናለች። በጠዋት ተነስታ ውሃውን ራሷ ትቀዳለች። ሐቦባ ባልዲ አታንሳ እያለች በወንድ አንቀጽ ትቆጣታለች። ለኔ ግን እንዲህ ያለ ደግነት የለም፤ ጂዶ ተነስተህ አግዛት አለችኝ ዛሬ። ደግሞ አስተያየቷ።

ሐምሌ 21

ጓዳ ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ልጅቱ ዶክተሯ ጥሩ ሰው ናት፣ ኸላስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትይሽ ትላለች። ጸሐይወርቅ ይዤው እዚህ ደርሻለሁ፣ ይዤው እሞታለሁ ትላለች። ልጅቱ ለጂዶ ልንገረው ስትል «ከነገርሽው እዚህ ቤት አልገኝም» አለቻት።

ምን ይነገረኛል? ቤርሳቤህን ሻይ ስታቀብለኝ ምንድነው የምታወሩት አልኳት። አንዲት ሴት የመለሰችው ለማንም አይነገርም፣ ሕጋችን ነው አለች። አያትሽ እኮ ናት፣ ለልምምድ ነው የመለሰችልሽ አልኳት። ትሪውን ይዛ ገባች።

ወገቧ ነው። የሚሆነው ወገቧ ነው። ከዚህ በላይ ባላስበው ይሻላል፤ ሙቀቱም አላስተኛ አለኝ።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገባ። ጸሐይወርቅ ትጾማለች፣ ቤተ ክርስቲያን ግን አልሄደችም። ስትሄድም ዓመቱን ሙሉ ውጭ ዛፍ ሥር ነው የምትቆመው፣ ቆርባም አታውቅም። ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው፣ ቄሱም ጠየቁኝ አልኳት። አልተጣላሁም አለች። ታዲያ ማን አባረረሽ ብላት ትክ ብላ አየችኝና ተወችኝ።

ደከመችኝ። ወይ እኔ ነኝ የደከምኩት።

ነሐሴ 9

ዝናብ። ግቢው ባሕር። ውሃው ደፍ አለፈ። ቤርሳቤህ ሥራ ላይ። እኔ ፍራሽ ሳነሳ እሷ በባልዲ ስትቀዳ ስትደፋ። ተይ አላልኳትም። ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች። መነሳት አቃታት። ልነሳ ስትል ፊቷ ነጣ። እኔ ብቻዬን አላነሳት። ጎረቤት ጠራሁ።

ነሐሴ 11

ተኝታለች። ሌሊት የያዛት ትኩሳት ወርዷል። ዛሬ ዐንገረቧ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከስንት ዘመን በኋላ። ወገቤን ነው አለችኝ ሳልጠይቃት። ሌላ ጊዜ አንድ ነገር እላት ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር።

«አስራ ሰባተኛው ነው?» አልኳት።

ግድግዳውን እያየች «ጥያቄውን ማን የነገረህ መሰለህ?» አለች።

ሳሾፍበት የኖርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እያሰብኩ ተቀመጥኩ፤ መቀመጫውን፣ ዐንገረቡን፣ የተደረበውን ጨርቅ። ዛፉ ሥር የምትቆመውንም ራሷ ነገረችኝ፤ የሚፈስ ነገር አለ፣ ሰውነቴ ንጹሕ አይደለምና ወደ ውስጥ አልገባም አለች። ለቄሱ ምን ብዬ ልንገራቸው አለች። «ለአንተስ» አላለችም። ብትለኝ ይሻል ነበር።

ነሐሴ 17

ሐኪም ቤት አልሄድም አለች። ትናንትም አለች። ዶክተር ሉጥፊያ ራሷ በቤርሳቤህ በኩል ትምጣ ብላ ልካለች።

ነሐሴ 24

ዛሬ ምክንያቷ ወጣ። በዐረብኛ ሽንኩርት መግዛት ነው የማውቀው፣ ይሄን በዐረብኛ አልልም አለች። ልጅቱ ትተርጉምልሽ ብላት ልጅ ፊት አልገለጥም አለች። ምንዳዬ ትግባ ብል እሷም ልጅ ናት አለች። ታዲያ ማን ይግባ፣ ማንም አልቀረ አልኳት።

«አንተ ቱርጁማን አይደለህ?» አለችኝ።

እኔ? እዚያ ክፍል ውስጥ? ቤርሳቤህ ከበሩ ሆና ሳቋን ያዘች። እኔም ጥቂት ሳቅሁ፣ ከፍርሃት ይሁን። እሄዳለሁ አልኩ።

ጳጉሜን 2

ሄድን። ረክሻ፣ ያቺን ባለ ሦስት ጎማ፣ ይዘን፣ ባለ ረክሻውን ቀስ በል እያልኩት፣ ጉድጓድ በቀረበ ቁጥር ትከሻውን እየያዝኩት። ሰውየው ነፍሰ ጡር ይዘህ ነው ወይ አለኝ። ጸሐይወርቅ ሳቀች። ይህን እጽፋለሁ፤ ሳቀች።

ዶክተር ሉጥፊያ ልጄ የምትሆን ናት፣ ጣቷ ላይ ሒና ያለባት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ጸሐይወርቅን መጋረጃ ጀርባ አስገባቻት። እኔን ከመጋረጃው ወዲህ ወንበር ሰጠችኝ። እሷ ከውስጥ ትጠይቃለች፣ እኔ ወደ ጨርቁ እያየሁ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ጸሐይወርቅ ትመልሳለች፣ እኔ ወደ ዐረብኛ። ቁልቁል ይስብሻል ወይ። ይስበኛል። ሽንት ያመልጥሻል ወይ። ያመልጠኛል። በእጅሽ ትመልሺዋለሽ ወይ። ጠዋትና ማታ። ፖሊስ ፊት ለነፍሰ ገዳይ ተርጉሜ አውቃለሁ፤ እንዲህ አልደከምኩም። ከመቼ ጀምሮ ነው ስትላት «ቆይቷል» አለች፤ እኔም ቆይቷል አልኩ።

ዶክተሯ ጨርሳ እጇን ታጠበችና ከፊቴ ተቀመጠች። ለጊዜው የሚደግፈው የጎማ ቀለበት በቀጠሮ ከውስጥ ታደርግላታለች፤ ካልረዳት ቀዶ ጥገና አለ። ይህን ለመጋረጃው ተናገርኩ። ያማል ወይ አለች። አያምም፣ ካደረገችው በኋላ መቀመጥ ትችያለሽ፣ ቅዳሴም ቆመሽ ታስቀድሻለሽ አልኳት። ቅዳሴውን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ዶክተሯ አላለችም። «ታድርገው» አለች ከጨርቁ ጀርባ።

ዶክተሯ ብዕሯን አንስታ፣ ቆይቷል ማለት ስንት ጊዜ ነው አለች። ልጽፈው ይገባኛል አለች። ጠየቅኋት።

«ከብርሃኔ ጀምሮ» አለች ጸሐይወርቅ። ልብሷን እየለበሰች ነበር።

ተረጎምኩ። ዶክተሯ ገባኝ የሚል ፊት አላሳየችም። ብርሃኔ ማነው አለችኝ።

ልጃችን ነው አልኳት።

ስንት ዓመቱ ነው?

ዐረብኛው ጠፋኝ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ በሁለቱም ቋንቋ መቁጠር አላቃተኝም፤ አፌ ላይ ግን አልመጣ አለ። ሴትዮዋ ብዕሯን ይዛ ትጠብቀኛለች። መዳፌን አናቴ ላይ አሳረፍኩ።

ራሰ በራ ሆኗል አልኳት።

ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መጋረጃው ተገለጠ፤ ጸሐይወርቅ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣችና ሁለታችንንም አየችን።

«ምን አልካት?» አለችኝ።

«ያልሽውን» አልኳት።